እፍረቱን የጣለበት ደረጃ

ክፍሉ የጥጥ መጋዘን የነበረ ነው። በሩን ከፍተው ሲገፈትሩኝ መጀመሪያ ያየሁት በግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ተወትፎ የቀረውን ጥጥ ነው፤ ቢጫ ሆኗል። ቀጥሎ የተባይ መድኃኒቱ ሽታ መጣና ጉሮሮዬን ከረከረኝ። ሰዎቹን ያየኋቸው ከዚያ በኋላ ነው። ሃያ ሦስት ነበሩ፤ ከእኔ ጋር ሃያ አራት ሆንን። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። የሸዋሮቢትን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ስለ ቆርቆሮው ሌላ ነገር አይጠይቀኝም።

የወሰዱኝ ጂኦግራፊ ከማስተምርበት ክፍል ነው። ጠመኔውን ገና አላስቀመጥኩም ነበር። ሁለት ሰዎች ገብተው በተማሪዎቼ ፊት፣ “ደብተሮቹ የታሉ?” አሉኝ። የትኞቹን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ።

አራት ዓመት ሙሉ አንድ ረጅም ልብ ወለድ ስጽፍ ነበር። ሦስት ባለ መቶ ገጽ ደብተር ሞልቻለሁ። አገሩ የሌለ አገር ነው፤ ተራራውም የለም። ተራራው ዘጠኝ ደረጃ አለው። ዘጠኙን የወጣ ሰው አይሞትም፣ አምላክ ይሆናል። ግን በየደረጃው ከሰውነቱ አንድ ነገር ጥሎ ማለፍ አለበት። መጀመሪያ ረሃቡን፣ ቀጥሎ እንቅልፉን፣ እያለ ይሄዳል። ዋናው ሰውዬ ከበረሃ ጨው የሚጭን ምስኪን ነበር። ሰባተኛው ደረጃ ላይ እፍረቱን ጣለ። ከዚያ ወዲያ የገዛ ወንድሙ እንኳ ሊጠይቀው ሲመጣ ተንበርክኮ እንዲያናግረው አዘዘ።

ደብተሮቹ በከተማው ከእጅ ወደ እጅ ይዞሩ ነበር። ማን ቀድሞ ማን እንደሚከተል እንዳይጣሉ ወረፋውን ከኋላው ልባስ ላይ ይጽፋሉ። ስማቸውን ሳይሆን “ባለሆቴሏ”፣ “የአይሱዙው ሾፌር”፣ “ዲያቆኑ”፣ “የጀውሃው” እያሉ። ሾፌሩ አንድ ጊዜ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ፣ “መምህር፣ ስምንተኛውን ደረጃ ወጣ ወይስ አልወጣም?” ብሎ ጠይቆኛል።

በዘጠነኛው ቀን ረፋዱ ላይ ጠሩኝ። መርማሪው በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ነው። ሸሚዙ ተተኩሷል፤ ቬንቲሌተሩን ወደ ራሱ አዙሮታል። ሦስቱንም ደብተሮች አንብቧቸዋል። እንደ መምህር በቀይ እስክሪብቶ እያሰመረ፣ አንድም ገጽ ሳይዘል ነው ያነበባቸው። ከሁሉም ይህ ነው ያንገበገበኝ።

“ይሄ ሰውዬ ከየት ነው የተነሳው?” አለኝ።

“ከበረሃ።”

“ወዴት ወጣ?”

“ወደ ተራራው።”

“ከወጣ በኋላስ?”

“ስገዱልኝ አለ።”

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። “ታዲያ ማን ነው? አንተው ንገረኝ እንጂ።”

እውነቱን ለመናገር፣ ስጽፈው እነሱን፣ ከበረሃ ታግለው ሥልጣን የያዙትን፣ አላሰብኳቸውም። የፈጠራ ሰው ነው አልኩት። ከበረሃ መጥቶ ስገዱልኝ ያለው ማን እንደሆነ የገባኝ እሱ ሲጠይቀኝ ነው። ራሱን እዚያ ውስጥ ያገኘው እሱ፣ የታሰርኩት እኔ።

ደብተሩን ገልብጦ የኋላውን ልባስ አሳየኝ። “ይሄ የአባላት ዝርዝር ነው።”

“የወረፋ ነው። የሚያነቡበት ተራ።”

“ባለሆቴሏ ማናት?”

“አላውቅም።”

“የከተማው መምህር ሆነህ ባለሆቴሏን አታውቃትም?”

“ከተማው ሁሉ ሆቴል ነው። የቷን ልወቅ?”

ቀጥሎ ስላደረጉት ነገር ብዙ አልጽፍም። ውስጥ እግሬን ነው የገረፉኝ። ስሞቹን አልተናገርኩም። ጀግና ሆኜ አይደለም፤ ንዴቱ ጥርሴን ስላስነከሰኝ ነው። ሲበቃቸው መርማሪው ደብተሮቹን አንድ በአንድ አንስቶ እያየሁት ቀዳደዳቸው። አልቸኮለም። አራት ዓመቴን ለመቅደድ ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም።

ሁለት ጠባቂዎች በብብቴ ይዘው መለሱኝ። ከቀወት የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ፤ ለመጠጥ ከደረሳቸው ውሃ ቀንሰው እግሬ ላይ አፈሰሱልኝ። እኒህ ሰውዬ የታሰሩት በቀበሌ ስብሰባ ላይ፣ “እናንተ ከመጣችሁ ወዲህ ዝናቡም ፈቃድ የሚጠይቅ ይመስላል” በማለታቸው ነው። ከገባሁ ጀምሮ የልብ ወለዴን ታሪክ በየቀኑ ለክፍሉ ስተርክ ከሁሉ ይልቅ እየተቆጡ የሚያዳምጡት እሳቸው ነበሩ።

“እኛ አምላክ ሰው ሆነ ሲባል ነው ያደግነው” ብለውኝ ነበር። “ለእኛ ብሎ ዝቅ አለ። ያንተው ሰውዬ ሽቅብ ሄደ። አስጠላኝ።”

“እኔንም ያስጠላኛል፣ ጋሼ።”

“ታዲያ ለምን ጻፍከው?”

“ምን እንደሚያስጠላኝ ለማወቅ።”

ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተና ጠባቂው በኬሻ ያመጣውን የተቀዳደደ ወረቀት መሬት ላይ ዘረገፈ። ያን ሰሞን ክፍላችን ተቅማጥ ገብቶ ነበር፤ መጸዳጃ የምንወጣው ጠዋትና ማታ ብቻ ነው፤ መጥረጊያ ወረቀት ስጡን ብለን ለምነናል።

“ወረቀት ብላችሁ ነበር” አለ። “ይኸው። መምህሩ ጽፎላችኋል።”

በሩ ተዘጋ። ሃያ ሦስት ሰው እኔን ላለማየት መሬት መሬት ያያል። ደሜ ፈላ፤ ግን በማን ላይ ልጩህ? በእነሱው ላይ ጮህኩ።

“ተጠቀሙበት! ወረቀት ነው፣ ምን ታያላችሁ?”

ሽማግሌው ከተቀመጡበት ተነሱ። ጎንበስ ብለው አንዱን ቁራጭ አነሱ፤ ጋቢያቸው ላይ አራገፉት።

“የሰው ልፋት ነው” አሉ። “ልፋት ላይ አይጸዳዱም።”

ሁሉም መልቀም ጀመረ። ከማጀቴ ከተማ የመጣ አንድ ነጋዴ ማንበብ ስለሚችል ቁራጮቹን ከቁራጮቹ ያጋጥም ጀመር፤ ሲጨንቀው፣ “መምህር፣ ‘ወንድሙም’ ከሚለው ቀጥሎ ምን ነበር?” ይለኛል። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቀኝ፣ “‘ወንድሙም ቆሞ አናገረው’ ነው የሚለው” አልኩት። እስኪመሽ ድረስ አሥራ አንድ ገጽ ገጠምን።

በማግስቱ ጠዋት ጠባቂው በሩን ከፍቶ ለመጸዳጃ አሰለፈን። ፊት የቆሙት ሽማግሌው ነበሩ። ጠባቂው ባዶ እጃቸውን አየ፤ የሌሎቻችንንም አየ።

“ወረቀቱስ?”

“እያነበብነው ነው” አሉ።

ሽማግሌው ፊደል አይለዩም። ጠባቂውም ያውቃል፤ ለመዝገብ ያስፈረሟቸው በአውራ ጣታቸው ነው። ጠባቂው አያቸው፣ እሳቸውም አዩት፤ ዓይናቸውን አልሰበሩም። ከዚያ በሩን መልሶ ዘጋው። ያን ቀን እስከ ማታ አልወጣንም። ምን ዓይነት ቀን እንደነበር፣ በዚያ ሙቀት፣ በዚያ በሽታ፣ አልናገርም። ከቀረነው ሃያ ሦስት ሰዎች ግን፣ “ምናለ ዝም ቢሉ” ያላቸው አንድም አልነበረም። ለመጥረጊያ ብሎ ወረቀቱን የነካም የለም።

በሳምንቱ ፍተሻ ገቡና ጠራርገው ወሰዱት። እኔ የተፈታሁት ከስምንት ወር በኋላ ነው። ክስ አልነበረኝም፤ ክስ ስለሌለም ነፃ ነህ የሚል ወረቀት አልሰጡኝም። ሽማግሌው ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረው ነበር፤ ከዚያ በኋላ አላገኘኋቸውም። ቀወት ወርጄ ጠይቄያለሁ። ሞተዋል የሚል አለ፤ ልጃቸው ጋ ሄደዋል የሚልም አለ።

ዛሬ እዚያው ከተማ አስተምራለሁ። ክረምት ሲመጣ ውስጥ እግሬን ያመኛል። ዘመኑ ሲለወጥ ብዙ ሰው፣ ቄሱ ጭምር፣ “ይቅር በላቸው፣ ለራስህም ዕረፍት ነው” ብለውኛል። ሐሳቡን አልነቅፍም። ነገር ግን እስከ ዛሬ ደጄን አንኳኩቶ፣ “በድዬሃለሁ” ያለኝ ሰው የለም። ያልጠየቀኝን ሰው ምን ብዬ ይቅር እንደምለው አላውቅም። ስለዚህ ንዴቴን ይዤ፣ በየጠዋቱ ተነስቼ ክፍል እገባለሁ።