ለምርመራ የጸዳ ዓይን

የአባቴ ታናሽ እህት በአንድ በጋ ሁለት ጊዜ ዓይናቸውን ተመርምረው፣ ሁለቱንም ጊዜ «ቀዶ ሕክምና አያስፈልግዎትም» ተብለው ተመለሱ። ሁለቱንም ጊዜ አብሬያቸው ነበርኩ። ትንሽ ቆይቼ ልጠይቃቸው ስሄድ ደግሞ ቀኝ ዓይናቸውን በሻሽ ጫፍ ይዘው፣ አሸዋ እንደገባበት ሰው እንባቸው ሲወርድ አገኛቸዋለሁ።

ብዙ ዓመት ዜና ስሠራ፣ ሁለት ሰዎች የሚቃረን ነገር ከነገሩኝ ቢያንስ አንዱ እንደተሳሳተ እቆጥራለሁ። እዚህ ግን አክስቴ «ይወጋኛል» ይላሉ፤ መርማሪዎቹ «የሚወጋ ነገር የለም» ይላሉ፤ ሁሉንም አምናቸዋለሁ። ሁለቱን ቃሎች ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጎን ለጎን ጽፌ ደጋግሜ አየኋቸው። ምንም አልገባኝም።

ስለ ትራኮማ ከአንድ ጊዜ በላይ ዘግቤአለሁ። የዓይን ቆብ በውስጥ በኩል፣ እንደ አፍና እንደ አፍንጫ ውስጥ፣ በእርጥብ ስስ ሽፋን የተለበጠ ነው። ሽፋኑ ዓይንን ያርሳል፤ ከእንባ ጋር ሆኖም አቧራና ጀርም ጠርጎ ያወጣል። ትራኮማ ይህንኑ ሽፋን ደጋግሞ ያቆስለዋል። ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳው ሲኮማተር ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ያን ጊዜ አቧራ ይከለክል የነበረው የዓይን ፀጉር ራሱ ብሌኑን መፋቅ ይጀምራል። ካልቆመ ዓይን ይጠፋል። የአክስቴ ዓይን ግን ከዚህ ሁሉ ጋር አልገጥም አለኝ።

አክስቴ የሚኖሩት ከጀውሃ ወረድ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ግማሽ ሰዓት በሚያስኬድ መንደር ነው። ማሾ ያመርታሉ። ልጆቻቸው አግብተው ስለወጡ ብቻቸውን ናቸው። «ይሄኛው ከሄደ ግራውም ይከተላል» ይሉኛል። «የታወረች ሴት ማሳ አላት?»

የመጀመሪያው ምርመራ በዘመቻ፣ በትምህርት ቤት ግቢ ነበር። ሁለተኛው ሸዋሮቢት፣ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ። ለሁለቱም ከአንድ ቀን በፊት ደውዬ «ነገ ዓይንዎን ያዩልዎታል፤ ተዘጋጅተው ይጠብቁኝ» ብያቸዋለሁ። ተዘጋጅተውም ጠበቁኝ፤ የዒድ ሻሻቸውን አስረው፣ ዓይናቸውን ተኩለው።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ሲስተሯ ቆቡን ገልብጣ በባትሪ አየች።

«ጠባሳ አለ እናቴ፤ የቆየ ነው። ብሌኑን የሚነካ ፀጉር ግን አላይም።»

«ይወጋኛል።»

«አሁን ይወጋዎታል?»

አክስቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ገለጡ። «አሁንስ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው።»

ሲስተሯ እኔን አየችኝ፤ እኔም አክስቴን አየኋቸው። ቅባት ተሰጥቶን ወጣን።

ሚኒባስ ውስጥ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «እትዬ፣ እውነት ያምዎታል?» አልኳቸው። በዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

«ዓይኔን ላውስህና አንድ ቀን እየበት» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

አቧራ ይሆን? የማሾው ገለባ? ድርቀት? ሕመሙ የሚመጣና የሚሄድ መሆኑን መዘገብኩ። ለምን እንደሚሄድ ግን የምጽፈው አጣሁ።

ለሥራ ወደ ካራቆሬ ሳልፍ አንድ ጠዋት ሳልደውል ወደ መንደራቸው ወረድኩ። አክስቴ ደጃፋቸው ላይ፣ ፀሐይ ፊታቸው ላይ እንዲያርፍ ሆነው፣ ጭንቅላታቸውን ጎረቤታቸው ጉልበት ላይ አስደግፈዋል። ጎረቤትየዋ ወረንጦ ይዘዋል። ገና አልጀመሩም። ጎንበስ ብዬ አየሁ። አጫጭር፣ ደረቅ ያሉ ፀጉሮች ብሌኑ ላይ ተኝተዋል። ዓይናቸው በተርገበገበ ቁጥር ይፍቁታል።

ሴቶች አንዳቸው ለሌላቸው የዓይን ፀጉር ሲነቅሉ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። ሹሩባ እንደመሥራት ያለ ነገር ነው፤ ማንም ለሐኪም የሚነግረው ሕክምና አይደለም። እኔም ሳልጠይቅ የቀረሁት ለዚህ ይመስለኛል።

«በስንት ጊዜ ይነቀላል?» አልኩ።

«እንደ አበቃቀሉ ነው» አሉ ጎረቤትየዋ። «ሁለት ሳምንትም፣ ሦስትም።»

«ሲስተሯ ጋ ስንሄድስ?»

«በዋዜማው ነቀልኩላት እንጂ። ወላሂ አንዲት አላስቀረሁም።»

«ለምን?»

አክስቴ ቀና ሳይሉ መለሱልኝ። «ተዘጋጅተው ይጠብቁኝ ያልከው አንተ አይደለህ? ሰው ፊት በተንጨባረረ ዓይን ልቅረብ?»

«የአገሩን ሰው ሁሉ ሲጠይቅ ይውላል» አሉ ጎረቤትየዋ ወረንጦውን እየጠረጉ። «ይቺን ግን አይጠይቅም።»

ለሲስተሯ ደወልኩ። ያየሁትን ነገርኳት። «ይነቅላሉ ወይ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ» አለች። «አሁን እንዳይነኩት። እንዳለ ሰኞ ይምጡ።»

እስከ ሰኞ አራት ቀን ነበር። እንዲታከሙ መጀመሪያ ሕመሙ መታየት እንዳለበት አስረዳኋቸው፤ ስናገረው ግን ለራሴም ትክክል አልመሰለኝም።

«እያስፋቅክ ነው የምታድነኝ?» አሉኝ። ይሁን እንጂ አራቱን ቀን ታገሱ።

ሰኞ ሲስተሯ ፀጉሮቹን ቆጠረች፤ ስድስት ነበሩ። ቆቡ ዛሬውኑ እንደሚስተካከል ነገረችን። ከዚያ ባትሪውን ከጎን አድርጋ ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተች። ብሌኑ ዳር ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ አለ። ቀዶ ሕክምናው መፋቁን ያቆማል፤ ነጩ ግን እንዳለ ይቀራል።

«ባለፈው ጊዜ ነበረ?» አልኳት።

ካርዱን አነበበች። ጠባሳ፤ ፀጉር የለም፤ ቅባት። ስለ ነጭ ነገር የተጻፈ የለም። «ስላልነበረ ነው፣ ወይስ ስላላየሁት?» አለች፤ የምትጠይቀው እኔን ይሁን ራሷን አልለየሁም።

ነጩ የመጣው በባከኑት ሳምንታት ይሁን፣ እኔ «አይንኩት» ባልኩባቸው አራት ቀናት፣ ወይም ከዓመታት በፊት፣ ላውቅ አልቻልኩም። ሁለት የዓይን ባለሙያዎችን ጠየቅኩ፤ ሁለቱም ከሦስቱ የትኛውም ሊሆን ይችላል አሉኝ።

አክስቴ የጠየቁት ሌላ ነበር። «ይሰፋል?»

«መፋቁ ከቆመ አይመስለኝም» አለች ሲስተሯ።

«እንግዲያው ቶሎ በሉ» አሉና፣ የኔን እጅ ሳይጠብቁ አልጋው ላይ ወጡ።