ወርዳ የምትቀረው ድምፅ

ዛሬ ደብረ ታቦር ገበያ አጠገብ ባጃጅ እንደተሳፈርኩ፣ የአክስቴ ዜማ ከሬዲዮው በሳክስፎን ሲመጣ ደሜ ፈላ። ጋዜጠኛው «ባለቤቱ ያልታወቀ የሕዝብ ዜማ፣ በጃዝ» ብሎ ነው ያስጀመረው። ያልታወቀ!

አክስቴ ዜማውን በአንቺሆዬ ቅኝት ያወጣችው ሴት ልጇ የሞተች ጊዜ ነው። ልጅ ሳለሁ ሰርግ ይዛኝ ሄደች። አዝማሪው ያንኑ ዜማ አፍጥኖ እያስጨፈረበት፣ መጨረሻው ላይ ወርዳ የምትቀረውን ድምፅ ሽቅብ አነሳት። አክስቴ ጠጅ ጠጅ በሚሸተው ዳስ መሀል ሰንጥቃ አልፋ የመሰንቆውን ደጋን ከእጁ ነጠቀችው።

«እዚህ ላይ ልጄን ቀብሬያለሁ! ማን አንሳት አለህ?»

ሳክስፎኑም እዚያችው ድምፅ ላይ ደረሰ፤ ሽቅብ አነሳት።

«ደስ አይልም ጋሼ?» አለኝ ሹፌሩ።

«አውርደኝ!» አልኩት።