ሻሽ ልትሸጥ አህያ ያቀረበችው

እስቲ ያቺን ሴት ተመልከቷት። መስታወት ፊት ቆማ አፏን ከፍታ "ሐ! ሐ!" እያለች መስታወቱን በትንፋሿ ታደበዝዛለች። አላበደችም። ሻሽ መሸጫ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ሻሽ አጣፊ ናት፤ ምላሷ ስለታም ስለሆነ ሰዉ ሁሉ "መቀስ" ይላታል። አረብኛ እየተማረች ነው።

"ምን ሊረባሽ?" ያላት ሰው ብዛቱ! ደሜን የሚያፈላው ይሄ ነው። የገዛ ሴት አያቷ አፋቸውን የፈቱት በአረብኛ ነው፤ ከቤተሰቡ ግን "እስቲ አስተምሩኝ" ያላቸው አንድ ሰው የለም። እንደ አሮጌ ቁምሳጥን ጥግ አስይዘዋቸው ኖሩ።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው፦ የሱቁ ባለቤት ለጅምላ ገዢዎች አረብኛ የሚችል ሻጭ ሲፈልግ፣ መቀስ ከአያቷ አፍ የለቃቀመቻቸውን ጥቂት ቃላት ይዛ "እኔ አለሁ" ብላ ወጣች። አንዲት ገዢ ሻሽ ጣል አድርጋ ስትሞክር "ይህ ኺማር ያምርብሻል" ልትላት አሰበች፤ ኺማር በአረብኛ ሻሽ ነው። ከአፏ የወጣው ግን "ሒማር"፣ አህያ! ሴትዮዋ በሳቅ ፈረሰች። ባለቤቱ ግን አልሳቀም።

"ወደ ማጠፍሽ ተመለሺ። ሴትዮዋ ደግማ ስትመጣ ካልሆነልሽ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ።"

ጥፋቱ የእሷ ብቻ ነው እንዴ? ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ እያልን ሦስት ፊደል እንቆጥራለን፤ ስናነብ ሁሉንም በአንድ ጉሮሮ እንጨፈልቃለን። አረብኛ ይህን አይምርም።

መቀስ አያቷ ዘንድ ሮጠች።

"እማማ፣ ሰው ላይ አህያ ጫንኩ።"

አያት እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። "ነይ፣ የኔ ጉድ! ለአህያው፣ መስታወት እንደምትወለውይ ተንፍሺ። ለሻሹ፣ ጉሮሮሽ ላይ የዓሣ አጥንት እንደቀረ አክ በይ።"

"አክ ስል ሴትዮዋ ብትሸሽስ?"

"አትትፊባት እንጂ አትሸሽም!"

ከዚያ ወዲያ አያትን ማን ዝም ያሰኛቸው! እናታቸው አዲስ ልብስ የለበሰን ሰው የሚመርቁበትን ቃል፣ የልጅነት ስድባቸውን ሳይቀር አወጡት። መቀስ ቶሎ የያዘችው ስድቡን ነው፤ ምን ይደረግ።

ገዢዋ ተመለሰች። "ዛሬስ ምን ልትጭኚብኝ ነው?" አለቻት በአረብኛ።

"ኺማር!" ጥርት ብሎ ወጣ። መቀስ ሻሹን ትከሻዋ ላይ አስተካክላላት፣ በአያቷ አረብኛ "በጤና ልበሺው" ብላ መረቀቻት። ሴትዮዋ ቀልዷን ተወች።

"ይህን የምትለው እናቴ ነበረች። ከየት አመጣሽው?"

"ከቤቴ።"

ሻጭነቱ የመቀስ ሆነ። አያትም በየጎረቤቱ "አስተማሪዋ እኔ ነኝ" እያሉ ይንጎራደዳሉ፤ ይገባቸዋል!

እናንተስ? ቤታችሁ ውስጥ ማንም ያልጠየቀው ቋንቋ ይዘው ዝም ያሉ አዛውንት ካሉ፣ ይህን ገጽ ጣሉትና አሁኑኑ ሄዳችሁ "አንድ ቃል ያስተምሩኝ" በሏቸው። ነገ እንዳትሉኝ!