የባሌ እባብ ካሜራ

ባሌ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። መሪ ሲለቅ ግን እጁ ሥራ መፍታት አያውቅም፤ መሣሪያ ይሰበስባል። ወንዝ በሌለበት ሰፈር ሁለት የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ አለን። በኪራይ ቤት፣ ምስማር መምታት እንኳ በማይፈቀድልን ግድግዳ፣ ሦስት የመብሻ ትራፓኖ አለን። እሑድ እሑድ ሁሉንም ከአልጋ ሥር ያወጣና አቧራቸውን ጠርጎ መልሶ ያስተኛቸዋል። ልጆቹን እንኳ እንዲህ አገላብጦ አያውቅም።

የመጨረሻው ደግሞ ባሰ። እባብ የመሰለ ረጅም ገመድ ነው፤ ጫፉ ላይ ምስር የምታህል ካሜራ ከነመብራቷ አለች። ቀዳዳ ውስጥ ትገባና ያየችውን በስልክ ታሳያለች።

"ምን ልታይበት ነው?" አልኩት።

"አንድ ቀን ያስፈልጋል።"

ይቺን "አንድ ቀን" ስሰማ ደሜ ይፈላል። ሰኞ ጠዋት እሱ ሥራ እንደወጣ ካሜራውን ከነሣጥኑ ለአሮጌ ዕቃ ገዢው ሰጥቼ ሁለት ባልዲ ለወጥኩበት። እፎይ አልኩ።

እፎይታዬ እስከ ምሳ ሰዓት አልቆየም። አከራያችን በሩን ደበደበው። ከቤታችን በታች ያለው ፀጉር ቤት ጣሪያው እያንጠባጠበ ነው።

"ውሃው ከእናንተ መታጠቢያ ቤት ነው። ነገ ወለሉን አስቆፍራለሁ፤ እናንተም ቤት ፈልጉ!"

አሥራ አንድ ዓመት የኖርንበት ቤት! ብምል ብገዘት ማን ይስማኝ? ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ያየ የለ። ይህን ሳስብ ዓይኔ ባልዲዎቹ ላይ አረፈ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ። ባልዲዎቹን አንጠልጥዬ ሮጥኩ። ዕቃ ገዢውን ሦስተኛው መንገድ ላይ ደረስኩበት፤ ጨካኝ ነው፣ ድስት ካልጨመርሽ አለኝ። ቤት ተመልሼ አዲሱን ድስቴን አመጣሁለት። ሣጥኑን ይዤ ስመለስ አንድ አውቶቡስ ጡሩንባውን ሲያንባርቅብኝ ዞሬም አላየሁ።

ባሌ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገባ። ነገሩን ስነግረው አልተቆጣም፤ እንደ ሐኪም እጁን ታጠበና አከራዩንና የታችኛውን ፀጉር አስተካካይ አስጠራ። እባቡን በፍሳሽ መውረጃችን አስገባው፤ መውረጃው ደህና ነው። ከእጅ መታጠቢያው ጀርባ ባለው ቀዳዳ ወደ ግድግዳው ውስጥ ሲሰደው ግን ስልኩ ላይ የተሰነጠቀ ቧንቧ ታየ፤ ውሃው እየተንዠቀዠቀ ይወርዳል። ከጣሪያው የውሃ ታንከር ወደ አከራዩ ቤት የሚሄደው፣ የራሱ ቧንቧ!

አከራዩ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ቧንቧው እዚያው ነው።

"የኔ ነው" አለ በመጨረሻ። "አጥፍቻለሁ። ቤቱ ቤታችሁ ነው።"

ደስታዬን የት ላድርገው? ባሌን ፀጉር አስተካካዩ ፊት ሳምኩት።

ማታ ወጥ ቤት ገብቶ ሲያማትር ቆየና "አዲሱ ድስትሽስ?" አለኝ።

"ተወው፣ አንድ ቀን ይገዛል።"

ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። "ጡሩንባ ነፍቼልሽ ነበር እኮ። ሣጥኑን እንደ ሕፃን አቅፈሽ ትሮጫለሽ።"

ከዚያን ቀን ወዲህ እባቡ ከአልጋ ሥር አይተኛም። ከቁም ሣጥኔ የላይኛውን መደርደሪያ ለቅቄለታለሁ፤ ቁልፉም እኔ ጋ ነው።