አኬሎ የሰፋችው ቢጫ ጨርቅ

አኬሎን መጀመሪያ የጠረጠርኳት በፈገግታዋ ነው። በዚህ በጋምቤላ ሙቀት ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና እየረገጠ የሚስቅ ሰው እኔ አላምንም። የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ቤታችን አጥር ለአጥር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት መኪናዋን ትሸፍንና ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ትሄዳለች። እዚያ ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ክፍል ሴት ልጆችን ሰብስባ በር ትዘጋለች። የእኔዋ ኛኩዋትም አንዷ ናት። መዝሙር ነው እንዳልል ድምፅ የለም። ልጄን ስጠይቃት ስፌት ነው ትለኛለች፤ ዓይኗ ግን መሬት መሬቱን ያያል። ስፌት በር ተዘግቶ ነው እንዴ የሚማሩት?

ጠርጣራ ናት ይሉኛል፤ ይበሉ። ባሌ ዋል ከሞተ ወዲህ ልጄን እዚህ ያደረስኳት በመጠርጠር ነው። ሙት የሚባለው የዋል ታላቅ ወንድም ድንበር አጠገብ ባለችው ከተማ፣ ማታር ይኖራል፤ ከብት ነጋዴ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ባዶ እጁን መጥቶ አያውቅም። ግን በመጣ ቁጥር፣ ገና የሰጠሁትን ውሃ ሳይጠጣ፣ "ልጅቷ አላደገችም?" ይለኛል። ምን ማለቱ እንደሆነ አውቃለሁ። ማታር ውስጥ ከብቱ የበዛ ወዳጅ አለው። ኛኩዋት የወር አበባ ካየች ጥሎሽ ሊነጋገሩ ቃል ተገባብተዋል። ሕግ አለ እኮ ይሉኛል። ሕጉማ አለ፤ አንዴ ማታር ከገባች በኋላ ማን ሄዶ ያመጣልኛል? ስለዚህ እኔም በመጣ ቁጥር "ገና ልጅ ናት" እለዋለሁ። እውነቴንም ነበር።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ሙት እንደ ልማዱ መጣ። እኔ የአልጋ ቤት አንሶላ አጥቤ ነው የማድረው፤ ግቢዬ ከዳር እስከ ዳር ገመድ ነው። ማንጎው ሥር ወንበር አወጣሁለት። ተቀመጠ፤ ግቢውን አየት አየት አደረገ። ያቺን ጥያቄውን አልጠየቀኝም። ሊሄድ ሲነሣ ብቻ፣ "ልጅቷ አድጋለች። ሽማግሌዎቹን ይዤ እመጣለሁ" አለኝ።

ማን ነገረህ ብለው ሳቀ። እኔ እናቷ የማላውቀውን እሱ ከየት አወቀው? ኛኩዋት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ይዤ ጠየቅኳት፤ አለቀሰች። እውነት ነው፣ ካየች ሰንብታለች። ማን ያውቃል ስላት "እህት አኬሎ ብቻ" አለችኝ።

ያየሁት ሁሉ ወዲያው ቦታ ቦታውን ያዘልኝ። የበሩ መዘጋት፣ እኔ ስደርስ የልጆቹ ዝም ማለት። ደግሞ አንድ ቀን መናኸሪያው አጠገብ አኬሎ ለአንዲት የማታር ነጋዴ የታሰረ ጆንያ ስትሰጥ በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ። ምንድን ነው ብላት "ጨርቅ ነው" ብላ ነበር ያለፈችኝ። በቃ፣ ደላላ ናት አልኩ። የማን ልጅ እንደደረሰች እያጣራች ወሬውን ማታር የምትልክ፣ እህት ተብላ በእግዚአብሔር ቤት የተቀመጠች ደላላ።

ቅዳሜ እስኪደርስ ጠበቅኩ። ከዚያ ሄድኩና በሩን ሳላንኳኳ በረገድኩት።

ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። መሃል ላይ ሳፋና ሳሙና አለ። አኬሎ መዳፍ በምታህል፣ ጎንና ጎኗ ላይ ቁልፍ ባላት ቢጫ ጨርቅ እያሳየች ነው፤ የሚታጠብ ሞዴስ። ደሙ ቁስል እንዳልሆነ፣ እርግማንም እንዳልሆነ ትነግራቸዋለች። ጨርቁን በሳሙና እጠቡት፣ ፀሐይ ላይ አስጡት፣ እርጥቡን አትልበሱት ትላለች። እኔ ግን ዓይኔ ጨርቁ ላይ ቀረ። አውቀዋለሁ! ገመዴ ላይ ከአንሶላዎቹ መሃል እያገኘሁት፣ ዝናብ ሲመጣ በእጄ እያነሣሁ አጣጥፌዋለሁ። የልጄ የስፌት ልምምድ መስሎኝ ነበር። ምን ላድርግ፣ እኛ ያደግነው አሮጌ ቡትቶ ፍራሽ ሥር ደብቀን፣ ሳይደርቅ መልሰን እየለበስን፣ ሲያሳክከንም ለማንም ሳንናገር ነው። እንዲህ ያለ ነገር በቁልፍ ተሰፍቶ አይቼ አላውቅም።

ቢሆንም አልለቀቅኳትም። ወደ ውጭ ጠርቼ በሆዴ የያዝኩትን ሁሉ አራገፍኩባት፤ ደላላም አልኳት። አልተቆጣችም። ሙት የት ተቀምጦ ነበር ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ማንጎው ሥር አልኳት። ፊቱስ ወዴት ነበር አለች። ወደ ገመዱ።

አኬሎ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ፈገግታዋን ያኔ ነው ያጣሁት።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አለችኝ። "ሁሉንም ከአንድ ጣቃ ነው የምቆርጠው። ማታር የሄደው ጆንያም ይኸው ነው። የሙት ሚስት ቤቷ አጥር ላይ ታሰጣዋለች፤ ምን እንደሆነ ያውቃል። አትደብቁት ብዬ ያስተማርኩ እኔ፣ ልጅሽን ራሴ አጋለጥኳት።"

አሁንም ሙሉ በሙሉ አላመንኳትም። ታዲያ እናቷ እያለሁ ለምን ደበቅሽኝ አልኳት። ልጅሽ ለምናኝ ነው አለች፤ እማዬ ካወቀች አጎቴ ሲጠይቃት ፊቷ ይናገርባታል ብላ። ልጄ የፈራችው የእኔኑ ፊት ነው።

ከዚያ አኬሎ የራሷን ነገረችኝ። በልጅነቷ ክፍል ውስጥ ደም አይታ ውስጤ ተቆረጠ፣ ልሞት ነው ብላ ሮጣ ወጣች። ባሮ ዳር ውሃው ውስጥ ተቀምጣ ዋለች። ቀሚሷን ያዩት ልጆች ስለሳቁባት ዳግመኛ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም። ዛሬ የምትሰፋው ዩኒፎርም እሷ ጥላው የወጣችው ነው። ይሄን እየነገረችኝ አላለቀሰችም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ለእኔም ስፊልኝ አልኳት። አንቺማ ማየት አቁመሻል አለችኝ። የማን እንደሆነ ገመዱ ምን ያውቃል አልኳት።

ሰፋችልኝ። ለጎረቤታችን ለርብቃ ሰፋች፤ ጸጉሯ ለነጣው ለፓስተራችን እናትም፣ ገና ጥርሳቸው ለሚነቀል ሕፃናት እናቶችም ሰፋች። ሙት ሽማግሌዎቹን ይዞ ሲመጣ ሰፈራችን አጥሩ ሁሉ ቢጫ ሆኖ ነበር። ማንጎው ሥር ተቀምጦ የእኔን ገመድ አየ፣ የርብቃን አጥር አየ፣ ማዶ የአሮጊቷን አየ። የማን ናቸው አለኝ። የእኔ ናቸው አልኩት። ዕድሜዬን ያውቃል፤ እንዳላመነኝም ከዓይኑ አየሁ። ፊቴ ሊናገርብኝ እንደሆነ ሲገባኝ ጎንበስ አልኩ።

ያኔ ኛኩዋት ከቤት ወጣች። ቀጥ ብላ ወደ ገመዱ ሄደች። አንዷን ጨርቅ ነቀለች፣ በእርጋታ አጠፈችና መጥታ ፊቱ ቆመች።

"አጎቴ፣ ይሄኛው የእኔ ነው፤ የእማዬ አይደለም" አለችው። "ሰውነቴ ደህና ነው ማለት ነው እንጂ ለባል ደርሻለሁ ማለት አይደለም። ሰባተኛ ክፍል ነኝ። ገና ልጅ ነኝ።"

ያን ሁሉ አጥር ያስለበስኩት ለዚህ ነበር? ሽማግሌዎቹ ግን የሴት ነገር ፊታቸው ሲዘረጋ መቀመጥ ነውር ስለሆነባቸው፣ ፊታቸውን አዙረው ተነሡ። ሙት ብቻ ቀረ። መሬት መሬቱን እያየ ዋልን ትመስላለች አለኝ። ከዚያ እሱም የጥሎሹን ነገር ሳያነሣ ተከትሏቸው ወጣ።

አኬሎ አሁን ከየቀለሙ ትገዛለች፤ አንድ ጣቃ አትጨርስም። ቅዳሜ በሩ ይዘጋል፤ እኔም ከውስጥ ነኝ፤ ሳፋውን የምይዘው እኔ ነኝ። ሙትም ይመጣል። ውሃውን ይጠጣና "ስንተኛ ክፍል ደረሰች?" ይለኛል። ደግ ጥያቄ ነው ይሉኛል። እኔ እንደሆነ አላምነውም። መጀመሪያ "ገና ልጅ ናት" እለዋለሁ፤ ክፍሏን ከዚያ በኋላ ነው የምነግረው።