ይቅር ያልኩት የመብራት ማማ ሰው

ስለ ባሕር ጠረፍ የመብራት ማማ ከእኔ የተሻለ የሚያስረዳ አስተማሪ በሆሳዕና አልነበረም። ጉራ አይደለም። የማውቀውን ሁሉ ያስተማረኝ አንድ ተማሪዬ ነው፤ እኔ የመለስኩለት ውለታ ግን እስከ ዛሬ አንገቴን ያስደፋኛል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። በእኔ ላይ ተረቱ ተገልብጦ ነው የሠራው። የወጋሁት እኔ ነኝ፤ አንድም ቀን አልረሳሁም።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደ ወጣሁ በተወለድኩበት አገር ስድስተኛ ክፍል እንዳስተምር ተመደብኩ። አባቴ ዕንሰቱንና ከብቱን ይዞ የሚኖር ሀዲያ ገበሬ ነበር። ቤት ውስጥ ያደግሁት በሀዲይኛ ነው፤ አማርኛን የተማርኩት ሚስዮን ትምህርት ቤት እየተኮረኮምኩ ነው። ስለዚህ በአማርኛዬ እኮራ ነበር። ከረባት አስሬ፣ ጫማዬን በቀን ሁለት ጊዜ ጠርጌ፣ አዲስ አበባ የተወለድኩ ይመስል በገበያው መሐል እንጎራደድ ነበር። ሞኝ ነበርኩ። ይህን መናገር አይከብደኝም፤ የሚከብደኝ ገና ኋላ የሚመጣው ነው።

በዚያ ዓመት ሠላሳ ስድስት ወይም ሠላሳ ሰባት ዓመት የሚሆነው ሰው ክፍሌ ገባ። ከሀደሮ በኩል የመጣ ከምባታ ነው። ያኔ ትልልቅ ሰዎች ከልጆች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው መማራቸው ብርቅ አልነበረም። የዚህ ሰው ታሪክ ግን ለየት ያለ ነበር። በወጣትነቱ ሥራ ፍለጋ ምጽዋ ወርዶ፣ ከዚያ በጀልባ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ደረቅ ደሴት ላይ፣ ለመርከቦች የሚበራ ማማ ረዳት ጠባቂ ሆኖ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል። ዋናው ጠባቂ አርጅተው ሊሰናበቱ ነው፤ ቦታው ለእሱ ታስቧል። ሆኖም ዋና ጠባቂ የአየሩንና የመርከቡን ነገር በመዝገብ መጻፍ ስላለበት የስድስተኛ ክፍል ሰርተፊኬት ተጠየቀ። በልጅነቱ አምስተኛን ጨርሶ ነበርና የአንድ ዓመት ፈቃድ ሰጡት። ካለፈ ዋና ጠባቂ ይሆናል፤ ሚስቱንና ልጆቹንም ወደ ደሴቱ ይወስዳል። ለረዳት ቤተሰብ ማምጣት አይፈቀድም ነበር። አሥራ አንዱን ዓመት ሙሉ ሚስቱ ሀደሮ፣ እሱ ባሕር ላይ ነበሩ። ካላለፈ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

ይህን ሁሉ የነገረኝ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ነው፣ ቆሞ፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ። እኔም «በርታ» አልኩት። በአሥራ ሦስት ዓመት የሚበልጠኝን ሰው አንተ ማለት ትንሽ ደስ ሳይለኝ አልቀረም።

ዓመቱ ሲጋመስ፣ በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ላይ የመብራት ማማ ሥዕል ያለበት ምዕራፍ ደረስን። ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ደግነቱ ክፍሉም አላየም ብዬ፣ «ይህ ማማ ማለት እንደ መኪና መብራት ነው፤ ባሕሩን ወለል አድርጎ ያበራል፣ መርከቡም መንገዱን አይቶ ይሄዳል» አልኩ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት እንዲህ ነው።

ሰውየው ከኋላ ተነሣ።

«መምህር ይቅርታ፤ ባሕሩን አያበራም። ባሕሩ እንደ ጨለመ ነው። መብራቱ ራሱ እንዲታይ ነው እንጂ በእሱ ሌላ ነገር እንዲታይ አይደለም። እያንዳንዱ ማማ የራሱ አበራር አለው። የእኛ ሁለት ጊዜ ቦግ ቦግ ይልና አሥር እስኪቆጠር ይጨልማል። ካፒቴኑ ይቆጥርና የት እንደ ደረሰ ያውቃል።»

አርባ ልጅ ዞሮ እሱን አየ፤ ከዚያ ዞሮ እኔን አየ።

«እሺ፣ ቀን ላይስ ምን ትሠራላችሁ?» አልኩት።

«ቀን መጋረጃ እንጋርድበታለን።»

«ለመብራት መጋረጃ! ፀሐይን አይቶ እንዳያፍር ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እሱ ሊያስረዳ ሞከረ፤ መስተዋቱ ትልቅ ስለሆነ ፀሐይዋን ይይዛታል፣ ካልተጋረደ ቤቱን ያቃጥላል አለ። ሲቸኩል አማርኛው ተደነቃቀፈ። እኔ ምን አደረግሁ? የተናገረውን ቃል በቃል፣ ከነአገር ቤት ቅላጼው አስመስዬ ደገምኩለት። የአባቴ ቅላጼም ከዚያ ብዙ አይርቅም ነበር። ልጆቹ ጠረጴዛ እየደበደቡ ሳቁ። ሰውየው ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

የሚያሳፍረው ደግሞ፣ በዚያው ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አጉሊ መነጽር ነበረኝ። በዓመቱ መጀመሪያ ልጆቹን ሜዳ አውጥቼ በፀሐይ ወረቀት አቃጥዬበት ነበር። ሰውየው ያለውን ለማመን መሳቢያዬን መሳብ ብቻ ይበቃኝ ነበር።

በማግስቱ አልመጣም። በሳምንቱም አልመጣም። የሚያድረው አንድ የጉራጌ ነጋዴ ሱቅ ጀርባ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በዚያ በኩል በቀን ሁለት ጊዜ አልፋለሁ። መንገዱን ተሻግሬ በማዶ ማለፍ ጀመርኩ። በልቤ «ኮርቶ ነው፣ ይኩራ» እል ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ያልኩትን ልመልሰው አልችልም ብዬም ራሴን አጽናናሁ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ዲሬክተሩ ለስድስተኛ ክፍል ፈተና የሚቀመጡትን ስም ሊልኩ ጠሩኝ። ጣታቸውን ስሙ ላይ አሳርፈው «ይህ ትልቁ ሰው ምን ሆነ?» አሉኝ።

አላውቅም ማለት እችል ነበር። ልጠይቅ ማለትም እችል ነበር። «ፈቃዱ አልቆ ወደ ሥራው የተመለሰ ይመስለኛል» አልኩ። እንደዚያ ያልኩት ተመልሶ ክፍሌ ውስጥ እንዳላየው ስለፈለግሁ ነው። ዲሬክተሩ በማስመሪያ ሰረዙት። ዝርዝሩ በዚያው ቀን ወደ አውራጃው ሄደ።

በሁለተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሦስት ሽማግሌዎች የተከራየሁበት ቤት በር ላይ ቆሙ። እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው። ከሀደሮ ድረስ በእግር መጥተዋል። ሰውየው ከኋላቸው ራሱን ደፍቶ ቆሟል።

አስገባኋቸው። ትልቁ ሽማግሌ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው አገልጋይ፣ እንዲህ አሉኝ፦ «መምህር፣ ልጃችን በተማሪ ፊት ቃልዎን ሰብሯል። ጥፋቱን አውቋል። በእኛ ባህል የተቀያየመ ሰው ሳይታረቅ አንድ ጣሪያ ሥር አይቀመጥም፤ ከክፍልዎ የቀረው ለዚህ ነው። እኛን ለመሰብሰብ ሲዞር ቀኑ ሄደበት። ስለ እግዚአብሔር ብለው ይቅር ይበሉት።»

እኔም ሀዲያ ነኝ፤ ባህሉ የእኔም ነው። በአክብሮት የቀረን ሰው «ኮርቶ ነው» ብዬ አሰረዝኩት። እዚያው ተንበርክኬ «የበደልኩት እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነው።

«ይቅር ብያለሁ» አልኩ።

ረጋ ብዬ፣ በጥሩ አማርኛ ነው ያልኩት። ሰውየው ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ፤ ያዝኩት፣ ትከሻውን መታ መታ አደረግሁ። ሽማግሌዎቹ ጸለዩልን፣ መረቁኝ፣ ያመጡትን ቅቤ በቅል ሰጡኝ። ተቀበልኩ። ስለ ዝርዝሩ ትንፍሽ አላልኩም። ያን ቅቤ አከራዬ ሲያነጥሩት ሽታው ግቢውን ሞላው፤ እኔ አልቀመስኩትም።

ሰኞ ጠዋት ወደ ዲሬክተሩ ቢሮ ሄድኩ። አንድ ደብዳቤ ቢጽፉ ስሙ ይገባ ነበር፤ ጊዜ አለ። ግን ዋሽቻለሁ ማለት ሊኖርብኝ ነው። ሰው አለ ብዬ ተመለስኩ። ማክሰኞም ሄጄ በሩ ላይ ደርሼ ተመለስኩ። ከዚያ ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ ቀኑን ገፋሁት።

እሱ ግን ክፍል ተመልሶ ከማንም በላይ ተጋ። ታርቀናልና ከትምህርት በኋላ እየቀረ የሥራውን ነገር ያጫውተኝ ጀመር፤ በማላውቀው ነገር ዳግመኛ በልጆች ፊት እንዳልዋረድ አስቦልኝ እንደሆነ እጠረጥራለሁ። በጠመኔ እየሣለ ያስረዳኝ ነበር። ጥንት ሰዎች በተራራ ጫፍ እንጨት ያነዱ ነበር፤ ቀጥሎ የዘይት ክር መጣ። የእነሱን ማማ የሠራው ጣሊያን ነው። ከውስጥ የሚነደው ፋኖስ ከቤት ፋኖስ እጅግም አይበልጥም፤ ላምባው እንደ ማሾ በአየር ተገፍቶ በአንዲት ነጭ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ይነድዳል። ጉዱ ያለው መስተዋቱ ላይ ነው። እንደተከፈለ ሽንኩርት ዙሪያ በዙሪያ የተደረደሩ ስባሪዎች ናቸው፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚባክነውን ብርሃን ሰብስበው ወደ አንድ አቅጣጫ ይልኩታል። ከበሬ ይከብዳል፣ ግን ባዜቃ የሚሉት ፈሳሽ ብረት በተሞላ ገበቴ ላይ ስለሚንሳፈፍ በአንድ ጣት ይዞራል። የሚያዞረው በማማው ውስጥ ቀስ እያለ የሚወርድ ከባድ ብረት ነው፤ በየሦስት ሰዓቱ በእጅ እየጠመዘዙ ይመልሱታል።

«ቢረሳስ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ይበራል፣ ግን አይዞርም» አለኝ። «ካፒቴኑ ሌላ ቦታ መስሎት ድንጋይ ላይ ይወጣል። የእኛ አለቃ ከመጥፋቱ ይልቅ ይህን ነው የሚፈሩት።»

ጣሊያንና እንግሊዝ በተዋጉ ጊዜ አለቃው መስተዋቱን ስባሪ በስባሪ ፈትተው አሸዋ ውስጥ ቀብረውት ነበር። ኋላ ቆፍረው አውጥተው የእያንዳንዱን ስባሪ የቦታ ቁጥር ለእሱ አስጠኑት። ከአለቃው በቀር ቁጥሩን በቃሉ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ይህን ሲነግረኝ ፊቱ በራ። ሚስቱ ደሴቱ ላይ ምን እንደምትተክልም ነገረኝ። «ጨው ነው መሬቱ፤ ግን ከሀደሮ በከረጢት አፈር እንወስዳለን ብላለች» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ስሙ ዝርዝሩ ላይ እንደሌለ እያወቅሁ አብሬው ሳቅሁ።

የፈተናው ጠዋት ከአውራጃው የመጡት ተቆጣጣሪ በር ላይ ቆመው ስም ይጠሩ ነበር። እኔ ከጎናቸው ቆሜያለሁ። እሱ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሁለት እርሳስ ቀርጾ መጥቷል። የተጠሩት ልጆች አንድ በአንድ ገቡ። ሜዳው ላይ እሱ ብቻ ቀረ። ተቆጣጣሪው ወረቀቱን አጠፉ።

ዝርዝሩን ተቀብዬ የምፈልግ መሰልኩ። ጣቴን ከላይ እስከ ታች አወረድኩ፤ እንደገና ከላይ ጀመርኩ። ሰውየው ጠጋ ብሎ፣ ልጆቹ እንዳይሰሙ በዝግታ ጠየቀኝ።

«መምህር፣ አሁንም ተቀይመውኛል?»

«ከበላይ ነው» አልኩ። «እኔ ምንም የማውቀው የለም።»

በአክብሮት እጅ ነሥቶ ሄደ። ወደ ሀደሮ መንገድ ሳይሆን የጭነት መኪናዎች ወደሚቆሙበት ነው የሄደው። ፈቃዱ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ነበር የቀረው።

ከአራት ዓመት በኋላ ለክረምት ኮርስ አስመራ ሄድኩ። አንድ ቅዳሜ በባቡር ምጽዋ ወረድኩ፤ ባልደረቦቼ ሊዋኙ፣ እኔ ይህን ሰው ልፈልግ። ከሆሳዕና ጀምሮ የምለውን እያጠናሁ ነበር የመጣሁት። ወደቡ አጠገብ የመብራቶቹን ጉዳይ የሚይዝ ቢሮ አገኘሁ። አንድ ወፍራም፣ ላብ ያጠመቀው ጸሐፊ ወንበር ሳበልኝ። ከየት እንደመጣሁ ነግሬው ስለዚያ ደሴት ጠየቅሁት።

«ከምባታው? አለ እንጂ፤ ያው ረዳት ነው» አለኝ። «ዋናው ወረቀት ያለው ወጣት ነው። ሥራውን የሚያውቀው ግን ከምባታው ነው። ማክሰኞ ውሃና ላምባ የምታደርስ ጀልባ አለች፤ ከፈለጉ ይሳፈሩ።»

እሳፈራለሁ ልል ነበር። ጸሐፊው ግን ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ።

«ከሆሳዕና ነው ያሉኝ? እንኳን መጡልኝ! ከዚያ አገር ሰው ካገኘህ ጠይቅልኝ እያለ በየጊዜው ይጨቀጭቀኛል። አንድ መምህሩን አስቀይሞ ኖሮ፣ ሽማግሌ ልኮ በአፍ ይቅር ተብሎ፣ ሰውየው ግን በሆዱ ይዞበት ቀረ። ምን ያህል ባስቀይመው ነው እያለ እስከ ዛሬ ይብሰለሰላል። መምህሩ የት እንዳለ ካወቀ ሽማግሌዎቹን እንደገና ሊልክ ነው የሚፈልገው። ያን መምህር ያውቁታል?»

«አላውቀውም» አልኩት፤ ስለ ወንበሩም አመስግኜ ወጣሁ።