ታች ማረፍ ወይስ ላይ ማረፍ

ባለቤቴ ወደ አዲስ አበባ ከመመለሱ በፊት ግብፅ፣ ቀይ ባሕር ዳር፣ ለብዙ ዓመታት ጠላቂ ሆኖ ሠርቷል። ቱሪስቶችን ይዞ ባሕር ውስጥ እየወረደ ዓሣ ያሳይ ነበር፤ ጥልቅ መውረድ የሚወዱትን ደግሞ የሰመጡ መርከቦች ድረስ ይወስዳቸው ነበር። አሁን መካኒሳ የውሃ ፓምፕ የሚሸጥበት ሱቅ አለው። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ዱባይ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። እሱም እዚያ በእረፍት ቀኑ ባሕር መጥለቅ ተማረ። ባሕር የሌለው አገር ልጆች ሆነን ከአንድ ቤተሰብ ሁለት ጠላቂ መውጣቱ ራሱ የሚገርም ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ሁለቱ የተማሩት ለየቅል መሆኑ ነው።

ነገሩን በግድ ስለተማርኩት ላስረዳ። ሰው ጥልቅ ውሃ ውስጥ ሆኖ ሲተነፍስ የአየሩ ናይትሮጂን በግፊቱ ብዛት ደሙና ሥጋው ውስጥ ይሟሟል። ቶሎ ብሎ ከወጣ ናይትሮጂኑ ሰውነቱ ውስጥ አረፋ ይሠራል፤ መገጣጠሚያ ያሳምማል፣ ሽባ ያደርጋል፣ ሊገድልም ይችላል። ስለዚህ ጠላቂ ሲወጣ መንገድ ላይ እየቆመ፣ እያረፈ ነው። እስከዚህ ድረስ ይስማማሉ። የሚጣሉት “የት ይቁም?” በሚለው ላይ ነው። ባለቤቴ “ገና ታች እያለህ ቁም፤ አረፋው ትንሽ ሳለ እዚያው ታፍነዋለህ” ይላል። ወንድሜ ደግሞ “ታች በቆምክ ቁጥር ስብህና ጅማትህ ናይትሮጂን መጠጣቱን ይቀጥላል፤ ወደ ላይ ጠጋ በልና እዚያ ብዙ ቆይ” ባይ ነው።

ባለፈው ዓመት ወንድሜ ለእረፍት መጥቶ ለቡ፣ እኛ ኮንዶሚኒየም አረፈ። የመጀመሪያው እሁድ ምሳ ላይ ፊት ለፊታችን የሚኖሩትን ባልቴት ጎረቤታችንንም ጠርተን ነበር። ሰላጣው ገና ሳይነሳ ሁለቱ ጀመሩ።

“ጋሼ፣ ያንተ ትምህርት ጊዜው አልፎበታል” አለ ወንድሜ። ባለቤቴን “ጋሼ” የሚለው ሲናደድ ብቻ ነው።

“እኔ ስንቱን ሰው በደህና አውጥቻለሁ” አለው ባለቤቴ። “የሞተብኝ አለ?”

“ባይሞቱም የወጡት በዕድል ይሆናላ። ጥናቱ ወደ እኔ ነው ያደላው።”

ጎረቤታችን ማንኪያቸውን አስቀምጠው “ምኑ ነው ሰው የሚገድለው?” ብለው ጠየቁ። ባለቤቴ ከማስረዳት ማሳየት ይሻላል ብሎ ሁለት ጠርሙስ ለስላሳ አመጣ። ሁለቱንም በደንብ ናጣቸው። ጋዙ ናይትሮጂኑ ነው፣ ጠርሙሱ ሰውዬው ነው አለ። እሱ የራሱን ክዳን ገና ከጅምሩ ትንሽ ከፈት አድርጎ ሊያቆም፣ ወንድሜ ደግሞ አረፋው የጠርሙሱ አንገት ጋ እስኪደርስ ለቆ ከዚያ ሊያቆም ተስማሙ። ማን አረፋ እንደሚያበዛ እናያለን ተባለ።

የባለቤቴ ሰውዬ ጣራውን መታ። የወንድሜ ሰውዬ ሰላጣው ላይ ሞተ።

ጎረቤታችን ከነጠላቸው ላይ ለስላሳውን እየጠረጉ “ሁለቱም አልተረፉም እንግዲህ” አሉ በሐዘን። እኔ መጥረጊያ ሳመጣ ሁለቱ ያለ አንዳች እፍረት ማን ጠርሙሱን አብዝቶ እንደናጠ እየተከራከሩ ነበር።

በዚያው ሳምንት የብሎካችን ነዋሪዎች ስብሰባ ነበረ። እኛና ጎረቤታችን የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ነው፤ ብሎኩ ደግሞ ሊፍት የለውም። ጎረቤታችን ደረጃውን ሲወጡ ጉልበታቸው እየዛለ ስለተቸገሩ፣ መንገድ ላይ የሚያርፉበት አግዳሚ ወንበር እንዲሠራላቸው ሁሉም ተስማማ። ሊቀመንበሩ “የትኛው ፎቅ ላይ ይቀመጥ?” ብሎ ጠየቀ። እኔ ወዲያው አንገቴን ደፋሁ፤ የሚመጣው ታውቆኛል።

ባለቤቴ ተነሣ። “አንደኛ ፎቅ። ድካም ሳይጠራቀም ነው ማረፍ ያለባቸው።”

ወንድሜ የብሎኩ ነዋሪ እንኳ አይደለም፤ ግን ተነሣ። “ሦስተኛ ፎቅ ነው እንጂ። አንደኛ ፎቅ ላይ ምን ደክሟቸው ያርፋሉ? ከላይ ጠጋ ብለው ረዘም ያለ እረፍት ይውሰዱ።”

“አረፋው በዚያን ጊዜ አድጓል” አለ ባለቤቴ።

የሦስተኛ ፎቋ መምህርት “የምን አረፋ?” አለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ሊቀመንበሩ ናይትሮጂን ሲማር አሳለፈ። ሰውም ለሁለት ተከፈለ። አንደኛ ፎቅ ያሉት በራቸው ላይ ሰው እንዲቀመጥ አልፈለጉምና የወንድሜ ደጋፊ ሆኑ፤ ሦስተኛ ፎቅ ያሉትም በዚያው ምክንያት “የታች እረፍት ሳይንስ ያሳምናል” አሉ። ባለጉዳይዋ ጎረቤታችን ሲጠየቁ “ደረቅ ይሁን እንጂ የትም ይሁን” ብለው መለሱ።

ቦታው ሳይወሰን ወንበሩ ተሠራ። መካኒሳ ብየዳ ቤት ያሠሩት ሁለቱ ናቸው፤ በዚህም አይስማሙም ብዬ ብፈራም፣ ርዝመቱ ላይ አንድ ሆኑ፤ ሁለቱም ረጅም ይሁን አሉ። ቅዳሜ ጠዋት አመጡትና በሁለት ጫፍ ተሸክመው ደረጃውን ጀመሩ። አንደኛ ፎቅ ሲደርሱ ባለቤቴ ወንበሩን አስቀመጠ። ወንድሜ ወደ ላይ ጎተተ። ባለቤቴ እንዳይሸነፍ ያዘ፤ ወንድሜ እንደገና ጎተተ። እንዲህ እየተጓተቱ ሁለተኛውን ፎቅ አለፉና መታጠፊያው ላይ ወንበሩ ግድግዳና የደረጃው ብረት መሃል ገብቶ ተቀረቀረ።

ወደ ላይ አልሄደም፤ ወደ ታችም አልመለስ አለ። ወንድሜ ከወንበሩ በላይ፣ ባለቤቴ ከታች ቀሩ። መምህርቷ ከነቦርሳዋ በወንበሩ ሥር ጎንበስ ብላ አለፈች። ከላይ የመጣ አንድ ሰውዬ ጫማውን አውልቆ ተሻገረው።

“ያለው ታች ነው” አለ ባለቤቴ ላቡን እየጠረገ።

“ከግማሽ በላይ ነው፤ ላይ ይባላል” አለ ወንድሜ።

ብረት ቆራጭ እስኪመጣ ሰኞ ሆነ። ቆራጩ አንዱን ጫፍ ቆርጦ ወንበሩን አሳጠረው፣ እግሩን አስተካከለና እዚያው መታጠፊያው ላይ ከግድግዳው ጋር በየደው። ጎረቤታችን መጀመሪያ ሲቀመጡበት መርቀውን ተነሡ፤ አሁን ገበያ ደርሰው ሲመለሱ እዚያ ከመምህርቷ ጋር እያወሩ አገኛቸዋለሁ።

ወንድሜ ወደ ዱባይ የተመለሰ ዕለት ሸኝተነው ከኤርፖርት ስንመጣ መኪናውን የሚነዳው ባለቤቴ ነበር። ላፍቶ አካባቢ መንገዱ ተዘጋግቶ ስንቆም “እውነቱን ለመናገር እሱ ትክክል ሳይሆን አይቀርም” አለኝ። “የኋላ የኋላ የወጡትን ጥናቶች አንብቤያቸዋለሁ። ብዙዎቹ የታች እረፍቱን አሳጥሩት፣ ላይ ቆዩ ነው የሚሉት። ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፣ ግን ወደዚያ አድልቷል።”

“መቼ ነው ያነበብከው?”

“ቆይቷል።”

“ታዲያ ለምን ይህን ሁሉ ትከራከራለህ?”

የፊታችን ሚኒባስ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ እሱም ማርሽ አስገባ። “ሱቅ ስውል የማወራው ስለ ፓምፕ ነው” አለ። “እሱ ሲመጣ ብቻ ነው ስለ ባሕር የሚያወራኝ ሰው የማገኘው። ልክ ነህ ብዬው ወሬው ቢያልቅስ?”

ማታ ወንድሜ መድረሱን ሊነግረን ደወለ። ባለቤቴ ስልኩን ከእጄ ተቀበለኝና ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ጥልቅ የሚወርዱ ጠላቂዎች ስለሚተነፍሱት፣ ሂሊየም ስለተቀላቀለበት አየር ምን እንደሚያስብ ጠየቀው። እኔ ወደ ጓዳ ሄድኩ።